መልስ፦ ሱቅ ገብቼ ላርጎዬን (ፈሳሽ ሳሙናዬን) ግዙኝ ለማለት አፌ ይታሰራል ላልሽው

አፍሽ የሚታሰረው "ግዙኝ" ብለሽ ስለምትጀምሪ ነው፣ በጥያቄ ጀምሪ። "ባለ 5 ሊትሩ ላርጎ በስንት ይገባላችኋል?" በይና ዝም በይ። ባለሱቁ ራሱ ያወራል፣ አንዱ ተወደደ ይላል፣ አንዱ ቀጥኖ ደንበኛ መለሰብኝ ይላል፣ ያኔ ሳምፕልሽን አውጥተሽ እዛው ቅባት የነካው ብርጭቆ ላይ ታሳዪዋለሽ። ዋጋሽን አንዴ ተናገሪ፣ ሳይጠይቁሽ መቀነስ የለም።

ሰዓትም አለው። ማለዳ ሱቁን የሚሞላው ዳቦ ፈላጊው ነው፣ ማታ ደግሞ ከሥራ የሚመለሰው ሁሉ እናንተ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ ከታክሲ ወርዶ ሱቁን ያጨናንቀዋል፣ ስለዚህ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ሂጂ። መጀመሪያ ሽንኩርት የምትገዢበት ሱቅ፣ ቀጥሎ ሌላ ብሎክ ያለ ሱቅ። መርካቶን ለጊዜው እርሺው፣ እዛ እኮ ደፋሩም ይደነግጣል ሃሃ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ እኛ ዓይናፋሮች የምንከስረው በዱቤ ነው። "ሲሸጥ እንሰጥሻለን" ሲሉሽ እምቢ ማለት ያቅትሻል፣ ከዛ ሄዶ ብሩን መጠየቁ ራሱ ያሳፍርሻል። ሁለተኛውን ጀሪካን ከማስረከብሽ በፊት የመጀመሪያው ሂሳብ እዛው ቆመሽ በቴሌብር ይግባ፣ ቀሪ ካለ ደብተር ላይ ጽፈሽ አስፈርሚ።