ስለ ሰማያዊ ዳክዬ እንዳትሰብኩ፦ ለጀማሪ ሰባኪዎች

ውድ ልጆቼ፣

መድረክ ላይ መቆም የጀመርኩት ጸጉሬ ገና ጥቁር ሳለ ነው። አሁን መነጽሬን ረስቼ ከወጣሁ አትሮኖሱ ላይ ያለው መጽሐፍ ጉም ይሆንብኛል። ደግነቱ አብዛኛውን የዕለት ወንጌል በቃሌ ይዤዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲመላለስብኝ እንዴት አልይዘው!

ስለ ስብከት ብዙ ምክር ሰምታችኋል። ድምፃችሁን እንዴት እንደምትጠቀሙ፣ እጃችሁን የት እንደምታደርጉ። እኔ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የምትሰብኩትን ክፍል ራሳችሁ አትምረጡ። በዓመቱ የንባብ ሰሌዳ ላይ የተመደበውን ወንጌል ስበኩ። በተለይ ደስ የማይላችሁ ንባብ የደረሰ ዕለት።

ስጀምር እንዲህ አላስብም ነበር። ሰሌዳው እግር ብረት ነበር የሚመስለኝ። እኔ ውስጤ የሚነድ ነገር አለ፤ ሰሌዳው ደግሞ "በዚህ እሑድ አሥሩ ለምጻሞች" ይለኛል። ስለዚህ ንባቡን ቶሎ አንብቤ መጽሐፉን እዘጋና ወደ ራሴ ርዕስ እሄድ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል እንደዚያ ዘለቅሁ። ከዚያ አለቀብኝ። አንድ ቅዳሜ ማታ የድሮ ማስታወሻዎቼን ዘርግቼ ሳያቸው፣ ሁሉም አንድ ስብከት ናቸው። የሚያናድዱኝ ሦስት ነገሮችና የምወዳቸው ሁለት ነገሮች። የሚለዋወጠው ጥቅሱ ብቻ ነው። ያን ሌሊት አፈርኩ ማለት ይቀላል፤ እውነቱን ለመናገር ይበልጥ የደነገጥኩት ነገ ምን ልበል ብዬ ነው።

የጀርመኑ የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር ለዚህ በሽታ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1526 ባወጣው የጀርመንኛ የአምልኮ ሥርዓት ውስጥ፣ እያንዳንዱ ሰባኪ ደስ ያለውን ይስበክ ከተባለ በወንጌል ፈንታ እንደገና ስለ ሰማያዊ ዳክዬዎች ይሰበካል ብሎ ጽፏል። ሰማያዊ ዳክዬ! የትም የሌለ፣ ሰባኪው ራሱ ቀለም የቀባው እንስሳ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንቱን ዳክዬ እንዳበረርኩ አንድ እግዚአብሔር ያውቃል።

ስለዚህ ያ ብዙ ነገር የለወጠ ሰው የእሑዶቹን ንባብ እንደነበረ ተወው። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1521 እና በ1522 በዋርትቡርግ ግንብ ተሸሽጎ ሳለ፣ አዲስ ኪዳንን ከመተርጎሙ ጋር፣ የየበዓሉንና የየእሑዱን ንባብ የሚከተሉ ስብከቶችን ይጽፍ ነበር። ፖስቲላ ይባላሉ። ራሱ ማዘጋጀት ያልቻለ ቄስ ቢያንስ እነሱን ለምእመናኑ ያነባል። እናንተም ቅዳሜ ሌሊት ከኢንተርኔት ስብከት እንደምታወርዱ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። የማን እንደሆነ ግን ለሰሚው ንገሩት።

አሁን ሰሌዳው ምን እንደሚያደርግላችሁ ላሳያችሁ። የቤተ ክርስቲያን ዓመት የሚጀምረው በአድቬንት ነው፤ ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች። በጥንቱ የአንድ ዓመት ሰሌዳ የመጀመሪያው እሑድ ወንጌል ማቴዎስ 21 ነው። ኢየሱስ በአህያ ተቀምጦ ኢየሩሳሌም ሲገባ። ጀማሪ ሳለሁ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሕፃኑን እየጠበቀ ሆሳዕና እዚህ ምን ይሠራል? ሉተር በዚህ ንባብ ላይ ሲሰብክ አንዲት ቃል ላይ ይቆማል። "ይመጣል"። ንጉሥሽ ወደ አንቺ ይመጣል። አንቺ ፈልገሽ አላገኘሽውም፤ እሱ ነው ፈልጎሽ የመጣው። ይህን ካነበብኩ በኋላ አህያዋ በአድቬንት ምን እንደምትሠራ ገባኝ።

በሦስተኛው እሑድ ደግሞ መጥምቁ ዮሐንስ እስር ቤት ሆኖ "የምትመጣው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ?" ብሎ ይልካል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ኖሮ ገና ሲቃረብ የእስረኛ ጥርጣሬ አልሰብክም ነበር። መዝሙሩ ደምቆ፣ ሻማው በርቶ፣ ማን ስለ እስር ቤት ያወራል? ግን በዚያ ሰሞን ቤቱ የጨለመበት ሰው ሁልጊዜ አለ። ያ ሰው የመጣው ስለ እሱም የሚወራ እንደሆነ ለመስማት ነው። እኔ ረስቼው ነበር። ሰሌዳው አልረሳውም።

ስለ ሰሌዳ ስናነሳ፣ ብዙ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ የሚጠቀሙት የሦስት ዓመቱን ነው። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1969 ካወጣችው የመነጨ ነው። አንድ ዓመት ማቴዎስ፣ አንድ ዓመት ማርቆስ፣ አንድ ዓመት ሉቃስ፤ ዮሐንስ በየበዓሉ መሃል ይገባል። በሁለቱም ሰብኬያለሁ። የሦስት ዓመቱ ብዙ መጽሐፍ ያስነብባል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለጀማሪ ግን ብትጠይቁኝ የአንድ ዓመቱን እመርጣለሁ። ያው ንባብ በዓመቱ ሲመለስ "ይሄን እኮ ጨርሼዋለሁ" ማለት አትችሉም። ወይ ትቆፍራላችሁ፣ ወይ ትዋረዳላችሁ።

በሁለቱም ሰሌዳ የማይቀየር አንድ እሑድ አለ። ከትንሣኤ በኋላ ያለው፣ የቶማስ እሑድ። በትንሣኤ ዕለት መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ያስቀድሳል፤ በሳምንቱ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። የዕለቱ ወንጌል ደግሞ ባለፈው እሑድ ስለቀረ ሰው! በየዓመቱ ለብቻዬ ያስቀኛል። የቀሩትን ለመስደብ እንዳትጠቀሙበት። ጌታ ለቀረው ሲል ተመልሶ መጣ እንጂ የቀሪዎችን ስም አልጠራም።

አሁን ወደ አንድ ጥፋቴ ልውሰዳችሁ። ከሥላሴ እሑድ (ከጰንጠቆስጤ ቀጥሎ ካለው እሑድ) በኋላ በ13ኛው እሑድ የደጉ ሳምራዊ ንባብ ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ስብከቱ እሳት ነበር። ካህኑን ወቀስኩት፣ ሌዋዊውን ወቀስኩት፣ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሬ "እናንተስ ማንን አልፋችሁ መጣችሁ?" አልኩ። ጸጥ አለ። በጣም ጥሩ ሰብኬያለሁ ብዬ ነው በር ላይ የቆምኩት።

አንድ አባት ሰላም ሊሉኝ ጠጋ አሉ። ባለቤታቸው አልጋ ከያዙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚያጥቧቸው፣ የሚያገላብጧቸው፣ የሚያጎርሷቸው እሳቸው ናቸው። እጃቸው በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ ስንጨባበጥ ይሻክረኝ ነበር። ቁጣ በሌለው ድምፅ "ልጄ፣ ዛሬም ሥራ ጨመርክብኝ" አሉኝ። ፈገግ ብለው ሄዱ።

እዚያው በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። ለሦስት ዓመት ሳምራዊ ሆነው የኖሩን ሰው "ሳምራዊ ሁኑ" ብዬ ሰደድኳቸው። እሳቸው የሚያስፈልጋቸው ከመንገዱ የሚያነሳቸው ነበር። ቁስላቸው ላይ ዘይትና ወይን የሚያፈስ፣ በገዛ አህያው የሚጭናቸው፣ ሒሳቡን የሚከፍልላቸው። ንባቡ ውስጥ ሁሉም ነበረ። እኔ ዘልዬው ወደ መጨረሻዋ መስመር ሮጥኩ፤ "ሂድ፣ አንተም እንዲሁ አድርግ" ወደምትለው።

ዓመቱን ሙሉ ያችን እሑድ ጠበቅሁ። ደረሰች። በዚያ ዓመት የሰበክሁት በመንገድ ላይ ስለወደቀው ሰውና ስላነሳው ስለ ክርስቶስ ነው። እሳቸው ግን አልነበሩም። ባለቤታቸው በጾሙ ወራት ዐርፈው፣ እሳቸው ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ሌላ አገር ሄደዋል። እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም። ስለ ሰሌዳው ይህን ብዬ ሳመሰግን አንድ ነገር አልደብቃችሁም፦ ንባቡ በዓመቱ ይመለሳል፤ ሰሚው ላይመለስ ይችላል።

ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ከስብከቶቹ መቅድም ጋር ባወጣት አጭር ጽሑፍ፣ በወንጌሎች ውስጥ ምን እንደምንፈልግ ያስተምራል። ክርስቶስን ምሳሌ አድርጋችሁ ከመያዛችሁ በፊት ስጦታ አድርጋችሁ ተቀበሉት ይላል። ምሳሌነቱን አልካደም፤ ተራውን ነው ያስያዘው። ጽሑፉን በተማሪነቴ አንብቤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ፣ ጥሩ ማርክም አግኝቼበታለሁ። የገባኝ ግን በዚያ በተሰነጣጠቀ እጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሕግና ወንጌልን፣ ማለትም እግዚአብሔር የሚያዘውንና የሚሰጠውን፣ ለዩ ስትባሉ ስብከቱን ለሁለት ትሰነጥቁታላችሁ። አሥር ደቂቃ ማስፈራራት፣ አሥር ደቂቃ ማጽናናት። ሰዉ ይለምደዋል። "አሁን ኢየሱስ ሊመጣ ነው" ብሎ ሰዓቱን የሚያይ ሽማግሌ አውቃለሁ። ቫልተር የተባለው የሉተራን መምህር እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1885 ለሥነ መለኮት ተማሪዎች ማታ ማታ ስለዚህ ጉዳይ ሲያስተምር፣ ሕግንና ወንጌልን መለየት ከሁሉ የከበደ ጥበብ ነው፣ የሚማሩትም ከመንፈስ ቅዱስ በኑሮ ትምህርት ቤት ነው ብሏል። ቀመር ቢሆን ኖሮ በአንድ ማታ ያልቅ ነበር። ንባቡ ራሱ የት እንደሚያቆስልና የት እንደሚጠግን ፈልጉ። አንዳንዱ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ስጦታ ነው። አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ይጨንቃል።

የሚጨንቀውን አንድ ልስጣችሁ። በጾሙ ወራት በሁለተኛው እሑድ፣ በጥንቱ ሰሌዳ፣ ከነናዊቷ ሴት ትመጣለች። ልጇ ታማባታለች። ትጮኻለች። ኢየሱስ መጀመሪያ ዝም ይላታል። ቀጥሎ "ለእስራኤል ቤት እንጂ አልተላክሁም" ይላል። በሦስተኛው የልጆችን እንጀራ ለቡችሎች መጣል አይገባም ይላታል። በሦስተኛው ላይ ማንም ቦርሳውን አንስቶ ይሄዳል። እሷ ግን ቃሉን ያዘችበት። አዎን ጌታ ሆይ፣ ቡችሎችም እኮ ፍርፋሪ ይበላሉ። ሉተር ይህን ሲሰብክ ከ"አይሆንም" በታች የተደበቀ ጥልቅ "ይሁን" አለ ይላል፤ እምነት ማለት ያንን ከታች ያለውን መስማት ነው።

ወጣት ሳለሁ ይህችን እሑድ ለእንግዳ ሰባኪ እሰጥ ነበር። ለምን ኢየሱስ እንዲህ ተናገረ ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ፈርቼ ነው። አሁን አሳልፌ አልሰጥም። ዝምታ ብቻ እየሰሙ የሚጸልዩ ሰዎች በየወንበሩ አሉ፤ ለእነሱ ከዚህች ሴት የተሻለ ሰባኪ አላውቅም። ብቻ ቶሎ አታጽናኑ። ሦስቱን ምት ቁጠሩ። ሰዉ ሦስቱንም ይቅመሳቸው።

ስለ ዝግጅት አጭር ልበል። ሰኞ ዕለት ንባቡን ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ማብራሪያ መጽሐፍ እስከ ረቡዕ አትክፈቱ። ከንባቡ በፊትና በኋላ ያለውን ተመልከቱ፤ ንባቡን የከፋፈሉት ሰዎች አንዳንዴ ክፉ ቦታ ላይ ቆርጠውታል። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ ሰው ጠይቁ። የታመመ፣ የተጣላ፣ የተቸገረ። ሰኞ ያነበባችሁት ሐሙስ ላይ ሌላ ድምፅ ያወጣል።

የሚያዳምጥ የለም ብላችሁ ተስፋ የምትቆርጡበት ቀንም ይመጣል። ሉተርም በምእመናኑ ተማርሮ እ.ኤ.አ. በ1530 መጀመሪያ ላይ ለተወሰነ ጊዜ መስበክ አቁሞ ነበር። አድርጉት ማለቴ አይደለም! ተመልሶም ሰብኳል፤ ከሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት በተወለደበት በአይስሌበን የመጨረሻውን ሲሰብክ በማቴዎስ 11 ላይ ነበር፣ ደክሞኛል ብሎ አቋረጠው።

ከሥላሴ በኋላ ያለው ረጅሙ ወቅት ያሰለቻል ይሉኛል። በዓል የለ፣ ግርግር የለ። እኔ ይህን ወቅት ነው የምወደው። ርዝመቱ እንኳ በትንሣኤ ይወሰናል። ትንሣኤ በጣም ቀድሞ ከዋለ ብቻ 27ኛው እሑድ ይገኛል፤ ንባቡም ስለ አሥሩ ቆነጃጅት ነው። የሙዚቃ ደራሲው ባኽ በጀርመኗ ከተማ በላይፕሲግ እ.ኤ.አ. ከ1723 እስከ 1750 ሲያገለግል ያ እሑድ የገጠመው ሁለቴ ነው፣ በ1731 እና በ1742። ለመጀመሪያው ጊዜ ካንታታ የሚባል የመዘምራንና የሙዚቃ መሣሪያ ድርሰት ጻፈለት፤ ዛሬም ዓለም ሁሉ ይዘምረዋል። በሰሌዳው ጫፍ ላለች፣ ብዙ ዓመት ለማትመጣ አንዲት እሑድ!

እኔ አሁን በ12ኛው ሳምንት ላይ ነኝ። ማርቆስ 7። ደንቆሮና ኮልታፋ ሰው አመጡለት። ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፣ ጣቱን በጆሮዎቹ አገባ፣ ምላሱን ዳሰሰ። ከዚያ ወደ ሰማይ አየና ቃተተ፤ "ኤፍታህ" አለ፣ ተከፈት ማለት ነው። ስንት ጊዜ እንደሰበክሁት አላስታውስም። ሁልጊዜ "ኤፍታህ" ላይ ነው የምቸኩለው። በዚህ ሰኞ ግን "ቃተተ" የምትለዋ ያዘችኝ። ሊፈውሰው ነው፤ እንደሚፈውሰውም ያውቃል። ታዲያ ምን አስቃተተው? ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ገና እየተከራከርኩ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሳምራዊው ይደርሳል።