መልስ፦ ለካህን መናዘዝ ለምን አስፈለገ?

እኅቴ፣ «እግዚአብሔር ልቤን እያወቀ እንደ እኔው ደካማ ለሆነ ካህን ለምን እናዘዛለሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካህኑ በራሱ ኃይል ኃጢአት ይደመስሳል አትልም፤ ይቅር ባዩ እግዚአብሔር ነው። መሠረቱ ዮሐንስ 20፥23 ነው፤ «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል፤ የያዛችሁባቸው ተይዞባቸዋል»። ታዲያ ሐዋርያት ሳይሰሙ በምን ለይተው ይፈቱና ይይዙ ነበር?

ብቻሽን መጸለይን ማንም አይከለክልሽም። ከእግዚአብሔር ፍቅር የመነጨ ጸጸት ካለሽና ለመናዘዝ ከቆረጥሽ፣ ካህን ሳታገኚ ብትሞቺ እንኳ ይቅርታውን አታጪም።

እዚህ ጎንደር ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችንም ለንስሐ አባታቸው ይናዘዛሉ። የካቶሊክን እምነት በተቀበሉት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ያ ሁሉ ደም ሲፈስ እንኳ ዋናው ክርክር የክርስቶስ ባሕርይ ነበር እንጂ ለካህን መናዘዝ አልነበረም።

«ያወራብኛል» የሚለው ፍርሃትሽ በጣም ይገባኛል፤ ከተማችን ውስጥ ወሬ ቶሎ ይዛመታል። ነገር ግን የኑዛዜን ምሥጢር በቀጥታ የገለጠ ካህን ከቤተ ክርስቲያን አንድነት በመለየት ይቀጣል፤ ለፍርድ ቤት እንኳ መናገር አይችልም። የሚያውቅሽ ካህን ከከበደሽ ደግሞ ሥልጣኑ ወዳለው ሌላ ካህን ሂጂ፤ ሕጉ ምርጫውን ለአንቺ ሰጥቷል።