መልስ፦ ትዝታ የጠፋበት ሰው መማር ይችላል?

ወንድሜ፣ «የሆነውን ሁሉ ወዲያው የሚረሳ ሰው አዲስ ነገር መማር ይችላል ወይ?» ላልከው፣ አዎ ይችላል። ይህን ያሳዩን ብሬንዳ ሚልነር ናቸው፤ ሞንትሪያል የሠሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪ። በጣም ነው የማከብራቸው።

ኤች ኤም በሚል ስም የሚታወቀው ታካሚ ከባድ የሚጥል በሽታ ነበረበት። በ1953 እ.ኤ.አ. በ27 ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ብዙው ወጣ። በሽታው ቀነሰለት፤ አዲስ ትዝታ መያዝ ግን አቃተው። ሚልነርን ለዓመታት በተገናኙ ቁጥር እንደ አዲስ ነበር የሚተዋወቃቸው።

አንድ ቀን ሚልነር እርሳስ ሰጡት፤ በድርብ መስመር ኮከብ የተሳለበት ወረቀትም ሰጡት። እጁን በመስታወት ብቻ እያየ በኮከቡ ሁለት መስመሮች መካከል ማስመር ነበረበት። ቤትህ ሞክረው፣ እጅህ አልታዘዝ ነው የሚልህ። ኤች ኤም ግን በሦስት ቀን ልምምድ ስህተቱ እየቀነሰ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አሳምሮ ሠራው፤ ከዚያ በፊት መሞከሩን ግን ጨርሶ አያውቅም! ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

ሳይክል መንዳትና ትናንት ምሳ የበላኸውን ማስታወስ በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው ለየቅል ነው። ሂፖካምፐስ የግድ የሚያስፈልገው ለምሳው ነው።