ጎበዝ ነው ወይስ ልዩ ተሰጥኦ አለው? የሐዋሳ ወላጆች ጥያቄዎች

የልዩ ፍላጎት ትምህርት አስተማሪ ነኝ። እዚሁ ሐዋሳ ያላችሁ ወላጆች የጠየቃችሁኝን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ማንም ሳያስተምራት ባጃጅ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ታነባለች። የልዩ ተሰጥኦ ምልክት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ዘግይተው ማንበብ የጀመሩ ባለተሰጥኦ ልጆችም አሉ። እኔ ይበልጥ የምሰማው ጥያቄዋን ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንደሚገባ ነገሯት እንበል። በማግስቱ መጥታ «መውጫ ወንዝ ከሌለው ታዲያ ለምን ሞልቶ አይፈስም?» ካለች፣ ነገሩን ስታብሰለስል አድራለች ማለት ነው። እህቴ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማስታወሻ ላይ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ልጄ ከክፍሉ 20ኛ ወጣ። አስተማሪው «ይረብሻል» ይላል። ቤት ግን የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ ይጠግናል።

መልስ፦ እኛ አገር የክፍል ደረጃ ትልቅ ቦታ አለው። አንደኛ የሚወጣ ልጅ ታዛዥና ትጉህ ሊሆን ይችላል፤ ያ በራሱ ግሩም ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያውቀውን ደጋግሞ የሚማር ልጅ ይሰለቻል፣ ሲሰለች ይረብሻል። ወይም ተሰጥኦውና የማንበብ ችግር አብረው ይኖሩበታል፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ንባቡ ይታይለት።

ፈተናም ይስታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለተሰጥኦ ልጆችን በፈተና መርጦ ማጥናት ጀመረ። ተፈትነው ሳይመረጡ ከቀሩት መካከል ዊሊያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ፤ አንዱ በ1956፣ ሌላው በ1968።

ጥያቄ፦ የአይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ) ፈተና ይጠቅመዋል?

መልስ፦ አማካዩ 100 ነው። ብዙ ጊዜ መለያ የሚደረገው 130 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያመጡት ከመቶ ሰው ሁለት ያህል ናቸው። ነገር ግን ቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር ልጅ በእንግሊዝኛ ቢፈተን፣ ውጤቱ ስለ እንግሊዝኛው እንጂ ስለ አእምሮው ብዙ አይነግረንም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚፈትነው ሰው ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ስለ ጠፈር እንደ ትልቅ ሰው ያወራል፣ እርሳሱ ሲሰበር ግን ያለቅሳል። 7 ዓመቱ ነው።

መልስ፦ ጤነኛ ነው። አእምሮው ቢቀድምም ስሜቱ የ7 ዓመት ልጅ ነው። «አንተ ትልቅ ልጅ አይደለህ!» አይበሉት።

ጥያቄ፦ ክፍል ላዘልለው?

መልስ፦ ለአንዳንዱ ይጠቅማል። መጀመሪያ ግን ራሱን ይጠይቁት፤ ከዚያ የክፍል አስተማሪውን ያነጋግሩ። አንድ ትምህርት ብቻ ከላይኛው ክፍል ጋር ተምሮ መሞከርም ይቻላል።