የስንብት ኮንሰርት ብለው ፕሌይባክ ከከፈቱልን ብራችንን ማስመለስ እንችላለን ወይ?

ከጎንደር ማራኪ አካባቢ የጻፈልኝ ልጅ ጥያቄው ሲያጥር እንዲህ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ሲወዱት የኖሩት አንጋፋ ባንድ «የመጨረሻ የስንብት ኮንሰርት፣ ሙሉ ባንድ ከነነባር አባላቱ፣ ሙሉ በሙሉ ላይቭ» ተብሎ ፒያሳ ላይ ፖስተሩ ተለጠፈ፣ ልጁም ሁለት ቪአይፒ ትኬት፣ አንዱን በ2000 ብር፣ በቴሌብር ከፍሎ አባቱን ይዞ ሄደ። ከምሽቱ 1 ሰዓት የተባለው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ፣ ከሰባቱ ነባር አባላት የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ድምፃዊው አራት ዘፈን ዘፍነው የቀረው በፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ በተቀዳ ድምፅ፣ አለቀ፣ አባትየውም ሳያልቅ «ልጄ እንሂድ» ብለው ተነሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው አዘጋጅ ያንኑ ባንድ አዲስ አበባ ላይ «የመጨረሻ» ብሎ ትኬት መሸጥ ጀመረ። ልጁ «ብሬን ማስመለስ እችላለሁ? የምከሰው ባንዱን ነው አዘጋጁን? የሞራል ካሳስ? ጓደኞቼ ግን ተወው ባክህ፣ አንተ የምትሰማቸው የአሜሪካ ሮክ ባንዶች እነ ሚኒስትሪም ተሰናብተው ተመልሰው የለ እንዴ ይሉኛል» ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አባትህን አይዞዎት በልልኝ። እኔም በካሴት ያደግኩ ሰው ነኝ፣ «እንሂድ» ያሉበት ቦታ ላይ ስደርስ ደብዳቤህን አስቀምጬ ትንሽ ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። የሚከሰሰውንና የማይከሰሰውን ካልለየን ፍርድ ቤት ሄደህ ባዶ እጅህን ነው የምትመለሰው። የድምፃዊው ድምፅ ደክሟል፣ ከፍ ያለውን ኖታ አልደረሱበትም፣ እንደ ድሮው አልጨፈሩም፣ ይሄ ሁሉ ቅሬታ ነው እንጂ ክስ አይሆንም። ትኬቱን ስትገዛ ሰውየው በእድሜ እንደገፉ ታውቃለህ፣ ማንም የሰላሳ አመት ድምፅ አመጣልሃለሁ ብሎ ቃል አልገባልህም። ጎንደር ደግሞ የአዝማሪ አገር ናት፣ ሸምግሎ ድምፁ የተሰበረ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲቀመጥ ሰው እንዴት እንደሚያከብረው አንተም አይተኸዋል። አራቱ በእውነት የተዘፈኑት ዘፈኖች ላይ እንግዲህ ክርክር የለንም፣ እንዲያውም አባትህ ያጨበጨቡት እዛ ላይ ነው ብለሃል።

ክስ የሚሆነው ፖስተሩ ላይ ያለው ቃል ነው። «ሙሉ ባንድ»፣ «ነባር አባላቱ»፣ «ላይቭ»፣ «1 ሰዓት»፣ እነዚህ የሚለኩ ነገሮች ናቸው፣ ወይ ተደርገዋል ወይ አልተደረጉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ባደረጉት ሰዎች መሀል እንደ ሕግ ነው ይላል። የአዘጋጁ ጠበቃ ምናልባት አንቀጽ 1687ን ይዞ ይመጣል፣ የዋጋ ዝርዝር ወይ ካታሎግ አደባባይ ላይ መለጠፍ ብቻውን የውል ሐሳብ ማቅረብ አይደለም የሚለውን፣ እና ፖስተር ማስታወቂያ ነው እንጂ ውል አይደለም ሊል ይችላል። መልሳችን ምንድነው፣ ትኬቱ ላይ የባንዱ ስምና ቀን ብቻ ነው ያለው፣ የተሸጠው ነገር ምን እንደሆነ የሚያስረዳው ፖስተሩ ነው፣ ያን ፖስተር አይቶ ነው ሰው የከፈለው፣ አንቀጽ 1732 ደግሞ ውል በቅን ልቦና ይተርጎም ይላል። በኔ እምነት ይሄ መልስ ያስኬዳል።

ያቺ የላክህልኝ የ40 ሰከንድ ቪድዮ ደሞ ትልቅ ነገር ናት። ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ፣ ድምፃዊው ማይኩን ወደ ወገባቸው አውርደው የውሃ ላስቲኩን ከፍተው ሲጠጡ ድምፃቸው በስፒከሩ ይቀጥላል፣ ኪቦርዱ ላይ ያለው ልጅ ሁለቱም እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፣ እና ዜማው ይሄዳል። ለዳኛ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም በቃ። ኦሪጅናሉን ከስልክህ እንዳታጠፋው፣ ቲክቶክ ላይ የተጫነው ኮፒ ቀኑና ሰዓቱ ስለማይታይበት እሱን ብቻ ይዘህ አትምጣ፣ ቀድቼዋለሁ ብለህ ስልኩን እንዳትሸጥም።

አዘጋጁ «መብራት ጠፍቶ ነው የዘገየነው፣ የቀሩት አባላት ታመው ነው» እንዳላችሁ ጽፈሃል። ሕጉ ከአቅም በላይ የሚለው ነገር አንቀጽ 1792 ላይ ጠባብ ነው፣ ባለዕዳው፣ እዚህ ጋ አዘጋጁ ማለት ነው፣ በተለምዶ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍፁም የሚከለክለው መሆን አለበት። ጎንደር ላይ መብራት ይጠፋል ብሎ ማሰብ የማይችል አዘጋጅ የለም፣ ጀነሬተር የሚከራየው ለዚህ ነው። ህመሙ ላይ ግን ጠንቀቅ በል፣ ድንገተኛ ከባድ ህመም ከሆነ ሕጉ ምክንያት ሊያደርገው ስለሚችል ማስረጃ ያምጣ፣ አምስቱም በአንድ ሳምንት ታመው ከሆነ የሐኪም ወረቀት አይጠፋም። ደግሞ ታመሙ ብሎ በር ላይ ለመግለጽና የፈለገ ብሩን ተቀብሎ ይመለስ ለማለት ጊዜ ነበረው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቆማችኋል።

ትኬቱ ጀርባ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን «የተሸጠ ትኬት አይመለስም» የሚለውን አይተህ አትደንግጥ። አንቀጽ 1686 አንዱ ወገን ለሁሉም የሚያወጣው ጠቅላላ የንግድ ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው አውቆ ከተቀበለው ነው ይላል፣ አንተ ደግሞ በስልክ ከፍለህ ትኬቱን በእጅህ ያገኘኸው በር ላይ ነው። ያ ጽሑፍ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ላይ እንጂ የተሸጠለትን ያላገኘ ሰው ላይ አይሰራም ብዬ ነው የምከራከረው።

ማንን ነው የምትከሰው፣ አዘጋጁን። ብሩን የተቀበለው እሱ ነው፣ የቴሌብር ሜሴጁ ላይ ያለው ስም የሱ ነው፣ አንቀጽ 1952 ውል የሚሰራው በተዋዋዮቹ መሀል ነው ስለሚል ከባንዱ ጋር ውል የለህም። እሳቸውን፣ ድምፃዊውን፣ ፍርድ ቤት ማቆም የሚፈልግ ልብ እንደሌለህ ከጽሑፍህ ገብቶኛል፣ ሕጉም አያስገድድህም።

«የመጨረሻ» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጓደኞችህ ያነሱት ነገር እዚህ ጋ ይጠቅመናል። ሚኒስትሪ እ.ኤ.አ. በ2008 የስንብት ጉዞ ብለው ዞረው በ2011 ተመልሰዋል፣ እውነት ነው፣ ሞትሊ ክሩ የሚባሉት ሌላ የአሜሪካ ሮክ ባንድ ደግሞ ከዚህ አልፈው በ2014 ከእንግዲህ ጉዞ አንወጣም የሚል ውል ፈርመው በ2015 የመጨረሻ ቀን ጨረሱ፣ በ2019 መጨረሻ ላይ እንመለሳለን አሉ። አድናቂው ለምን አልከሰሰም ካልክ ያ ውል በአራቱ የባንዱ አባላት መሀል ነበር፣ ተስማምተው የፈረሙትን ተስማምተው አፈረሱት፣ አድናቂ ተዋዋይ አይደለም። ከሦስትና አራት አመት በኋላ ሐሳብ መቀየር ያሳዝናል እንጂ ማታለል አይባልም። ያንተ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ ሦስት ሳምንት ነው ያለው። የአዲስ አበባው አዳራሽ የተከራየው ጎንደር ላይ ትኬት ከመሸጡ በፊት ከሆነ አዘጋጁ «የመጨረሻ» ሲልህ የመጨረሻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ ይሄ በአንቀጽ 1704 ተንኮል ሊባል ይችላል፣ ያ ቃል ባይኖር አባትህን ይዘህ ባልሄድክ ነበርና። የኪራዩን ቀን የሚያሳይ ነገር ካገኘህ ጉዳይህ በጣም ይጠነክራል፣ ካላገኘህ ግን ይሄን ነጥብ ዋና አታድርገው፣ ላይቩና አባላቱ ይበቁሃል። በተንኮል ውል ይፍረስልኝ የሚለው ክስ የሁለት አመት ገደብ አለው፣ ያንን ልብ በል።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይ ላልከው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፣ ግን ሆን ብሎ ማድረጉን ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት፣ ከዚያ እንድትጀምር አልመክርህም።

የሞራል ካሳ ላይ ተስፋ አትጣል። የፍትሐብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ለሚደርስ የህሊና ጉዳት እንኳ ጣሪያውን 1000 ብር ላይ ነው ያስቀመጠው፣ አንቀጽ 2116፣ በዘመኑ ብዙ ብር ነበር፣ አሁን የአንድ ትኬትህን ግማሽ ነው፣ ይሄ መቀየር አለበት ብዬ ስንት ጊዜ ጮኬያለሁ። የምትጠይቀው የትኬቱን 4000 ብርና በአንቀጽ 1799 መሰረት በተለምዶ የሚደርሰውን ኪሳራ ነው። ከደባርቅ በሚኒባስ መጥተው አልጋ ይዘው ያደሩት ጓደኞችህ የትራንስፖርትና የአልጋ ደረሰኝ ካላቸው ይዘው ይምጡ። ዳኛው አራት ዘፈን ሰምታችኋል፣ ግማሹ ይመለስ ሊል ይችላል፣ ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን የምታደርገው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ድጋሚ ይሰጠኝ ወይ ብሬ ይመለስ ብሎ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል፣ አንተ በማግስቱ በቴሌግራም ለአዘጋጁ የጻፍክለት ሜሴጅ እዚህ ጋ ነው የሚያድንህ፣ ስክሪንሾት አድርገህ አሳትመው። ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጠው፣ አጭር ይሁን፣ ስድብ አይኑርበት፣ «በዚህ ቀን ይሄን ያህል ከፍዬ እነዚህ አራት ነገሮች አልተፈጸሙልኝም፣ በ10 ቀን ውስጥ ብሬን ካልመለስክ እከሳለሁ» ብቻ፣ በአደራ ፖስታ ላከው ወይ ሁለት ሰው ይዘህ ስጠውና ያስፈርሙልህ።

ለብቻህ ለ4000 ብር መመላለስ ያደክማል። 23 ሰው ግሩፕ ላይ አለን ብለሃል፣ የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 አንድ አይነት ጥቅም ያላቸውን ሰዎች አንዱ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ወክሎ እንዲከስ ይፈቅዳል፣ ወጪውንም ትካፈላላችሁ። ክሱ ደግሞ አዲስ አበባ አያስኬዳችሁም፣ ውሉ የሚፈጸመው ጎንደር ስለነበረ አንቀጽ 24 እዚሁ ክሰሱ ይላችኋል። አዘጋጁ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሆነ ነገሩ የፌደራል ጉዳይ ነው ተብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ሊመልሳችሁ ይችላል፣ ያኔ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌደራል መጀመሪያ ደረጃን ስልጣን ስለሰጠ እዛው ጎንደር ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ።

ፒያሳ የተለጠፈው ፖስተር አንዱ ግድግዳ ላይ እንዳለ ነው ብለሃል፣ ዛሬውኑ ሄደህ ጠጋ ብለህም ከሩቅ ከነአካባቢውም ፎቶ አንሳው፣ ዝናብ ሳይበላው ወይ ሌላ ሳይለጠፍበት። አባትህም ምስክር ሆነው መቅረብ ከፈለጉ እሺ በላቸው፣ ሰባቱን አባላት በመልክ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ መድረኩ ላይ ማን እንዳልነበረ በስም ሊናገር የሚችል ሌላ ሰው የላችሁም።