የልብ ምት መለኪያ ለምትገዙ ጀማሪ አሰልጣኞች

ባለፈው ሳምንት ሥራ ከጀመረ መንፈቅ ያልሞላው አንድ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ሦስት ፎቶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ለደንበኞቼ የልብ ምት መለኪያ ልገዛ ነው፤ ከእነዚህ የትኛው ይሻላል?» አንዱ የእጅ ሰዓት ነው፣ አንዱ ክንድ ላይ የሚታሰር፣ ሦስተኛው የደረት ቀበቶ። «የደረቱን ግዛ» ብዬ ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሴን አልተጠራጠርኩትም፤ ከየት እንደተማርኩት ትዝ ብሎኝ ነው። ይህን የምጽፈው ለእሱም፣ እንደ እሱ አሁን ለጀመራችሁትም ነው።

ወጣትነቴን ሰበብ እንዳላደርግ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከሌላ ሥራ ወጥቼ ወደ አሰልጣኝነት የገባሁ ሰሞን ነው። በአንድ ደህና መለኪያ ዋጋ ሦስት ርካሽ ቀበቶ ገዛሁና እንደ ብልህ ራሴን አየሁ። ሦስቱም ይዋሹ ነበር። ቆሞ ውሃ የሚጠጣውን ሰው 210 ይሉታል፣ ሮጦ የሚያለከልከውን 70። እኔም የውሸታቸውን ዓይነት ሁሉ ለመድኩት። ደረት ላይ የሚያርፈው ጎን ካልረጠበ የልብን ኤሌክትሪክ በደንብ አይዝም፤ ምራቅም ሆነ ውሃ ያስፈልገዋል። አየሩ ደረቅ ሲሆን የናይለን ካናቴራ ከቀበቶው ጋር ሲፋተግ ቁጥሩ ያብዳል። ባትሪው ሲደክምም እንዲሁ። ክዳኑን የምከፍትባት አንዲት ሳንቲም ከኪሴ አትለይም ነበር። እውነቱን ልናገርና ይህን ሁሉ ማወቄ ያኮራኝ ነበር።

ከደንበኞቼ አንዷ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው መምህርት ነበሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ማለዳ ይመጣሉ። አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም፤ ያረፈድኩ ቀን ግን የእጅ ሰዓታቸውን አይተው ዝም ይላሉ፤ ከቁጣ የሚከብድ ዝምታ። ቀበቶውን ራሳቸው አርጥበው ያስሩታል፣ ሲጨርሱ ራሳቸው ያጥቡታል።

ያን ቀን ገና ማሟሟቂያ ላይ ነን። መሮጫ ማሽኑ ላይ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ ቁጥሩን የሚያሳየው ሰዓት እኔ እጅ ላይ ነው። 104፣ 108፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ 176። ወርዶ 149። እንደገና 183። ሳቅሁ። «ዛሬም ጀመረው» አልኩ። ማሽኑን አቁሜ ቀበቶውን እንዲያረጥቡት ጠየቅኋቸው፤ አረጠቡት። 168። ሳንቲሜን አውጥቼ ባትሪ ቀየርኩ። 171። ሁለተኛውን ቀበቶ አመጣሁና አሰሩት። 158፣ 190። ይሄኔ ነው «ልጄ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይርገበገባል» ያሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ጠብቆብዎት ይሆናል፣ ትንሽ ያላሉት።»

ሦስተኛውን ቀበቶ ፍለጋ ወደ ቁምሳጥኑ ሄድኩ። ስመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አልወደቁም፤ በአንድ እጃቸው ተደግፈው ራሳቸው ናቸው የተቀመጡት። ግንባራቸው ላብ አቸፍችፏል፤ የሠሩት ደግሞ የስድስት ደቂቃ እርምጃ ነው። አጠገባችን ክብደት ታነሳ የነበረች ሴት ብረቱን አስቀምጣ ተንበረከከች፤ ሁለት ጣቷን አንጓቸው ላይ አሳርፋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመረች። ነርስ መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። «ምቱ ሥርዓት የለውም፣ ይዘላል። አምቡላንስ ጥራ» አለችኝ። እኔ ሦስተኛውን ቀበቶ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

ሐኪሞቹ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን አገኙባቸው፤ የልብ የላይኛው ክፍል ሥርዓት አጥቶ የሚርገበገብበት የምት መዛባት ነው። ታከሙ፣ ተሻላቸው። ወደ እኔ ግን አልተመለሱም። ሁለት ቀበቶ ተራ በተራ መጥቶ አንድ ቃል ሲመሰክር እኔ ምስክሮቹን ስከስ ነበር። ሦስተኛ ምስክር ደግሞ የልቡ ባለቤት መምህርቷ ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ርካሽ መለኪያ አልገዛም። ስለሚሳሳት ብቻ አይደለም፤ ቁጥር ሲጮህ መሳቅ ስለሚያስለምድ ነው። መለኪያችሁ ከመቶ ቀን ዘጠናውን የሚታመን ከሆነ 180 ባያችሁ ቀን ትደነግጣላችሁ። እንድትደነግጡ ነው የምፈልገው።

ቀላሉ ፈተና ይኸውና፦ ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ቀን ተውሳችሁ ራሳችሁ እሰሩት። ቁጭ ብላችሁ በሁለት ጣት ትርታችሁን ሠላሳ ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። ደረጃ ወጥታችሁ ድገሙት። ከጣታችሁ ጋር የማይስማማ መለኪያ ደረት ላይ ይታሰር እጅ ላይ፣ መልሱት። በጣት መቁጠር የማይችል አሰልጣኝ ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ! ዛሬ ልጆቹ ስልኩ ካልነገራቸው ደንበኛው ደክሞ እንደሆነ አያውቁም፤ ሰውዬው ፊታቸው ቆሞ ከንፈሩ ነጥቶ እነሱ መስመሩ ቀይ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ደግሞ ምን አፍ አለኝ፣ እኔም ያን ጠዋት አቀርቅሬ ነበር።

የእጅ ሰዓቱ አሠራር ሌላ ነው። አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ ይረጫል፤ ከደሙ ፍሰት ጋር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከፍ ዝቅ ሲል ምት ብሎ ይቆጥረዋል። ተቀምጦ ላለና በእኩል ፍጥነት ለሚራመድ ሰው ደህና ነው። ክብደት ጨብጦ አንጓውን ላጠፈ ግን ይደናገራል፤ በብርድም፣ ንቅሳት ባለበት ቆዳም እንዲሁ። ሯጭ ላይ ደግሞ አንዳንዴ እርምጃውን ለምት ይወስደዋል፦ በደቂቃ 160 ጊዜ እየረገጠ ከሆነ ልቡ 130 እየመታ ሰዓቱ 160 ሊል ይችላል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ያው ብርሃን ቢሆንም እንቅስቃሴው ስለሚያንስ ከእጅ ሰዓት ይሻላል።

እንዲህ ብዬ ስጨርስ አንዷ ደንበኛዬ ትዝ አለችኝ። የደረት ቀበቶ ያንቃታል፤ ስድስት ወር ለምኛት አንድ ቀን አላሰረችውም። ሰዓቷን ግን አታወልቀውም። በእሷ ሰዓት ነው የሠራነው፣ ጥሩም ሠራን። እኔም ለእግር ጉዞ አሁን ሰዓት ብቻ ነው የማደርገው። ስለዚህ «የደረቱን ግዛ» ያልኩት ልጅ ይህን ካነበበ ይታገሰኝ፦ የደረቱን ግዛ፣ ለማይወደው ደግሞ የክንዱን ያዝ።

ድሮ ሌላ ጣጣ ነበር። ገመድ አልባው መለኪያ ከፊንላንዱ ፖላር በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከወጣ በኋላ ብዙ ዓይነት ተከተለ፤ እኔ ሥራ ስጀምርም መለያ ኮድ የማይልኩ ቀበቶዎች በየጂሙ ነበሩ። ጎን ለጎን የሚራመዱ ሁለት ጓደኛሞች የአንዷን ምት ሁለቱም ያነብቡታል። አንዴ አንዲት ሴት ቆማ ጫማዋን እያሰረች 152 ሲላት «እኔ ሳላውቀው እየሮጥኩ ነው እንዴ?» ብላ አሳቀችን። አሁን የቀረው ጣጣ ብሉቱዝ ነው፦ ቀበቶው ከደንበኛው ስልክ ጋር ከተያያዘ የእናንተን ላይቀበል ይችላል፤ ስንት መሣሪያ በአንዴ እንደሚቀበል ጠይቁ። አንት ፕላስ የሚባለው ሌላ ገመድ አልባ መላኪያ ያለው ለፈለገ ሁሉ ያሰራጫል፤ ቡድን የምታሠለጥኑ ይህን ፈልጉ። ዋናተኛ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱም ውሃ ውስጥ አይሻገሩምና ራሱ ውስጥ የሚመዘግብ ይሁን።

ስለ ቀለማቱ ግን ዝም አልልም። መተግበሪያው አረንጓዴ፣ ብርቱካን፣ ቀይ ብሎ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ የልብን ከፍተኛ ምት ለመገመት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ከሚለው ስሌት ተነስቶ ነው። ይህ እንደ አውሮፓውያን በ1971 ተመራማሪዎቹ ፎክስ፣ ናውተንና ሃስኬል ካቀረቡት መረጃ የተቀዳ ግምት ነው። በ2001 ታናካና ባልደረቦቹ 208 ሲቀነስ 0.7 እጥፍ ዕድሜ አሉ። ለአርባ ዓመት ሰው ሁለቱም 180 ይሰጣሉ፤ ለስልሳ ዓመት አንዱ 160፣ ሌላው 166። የአንድ ሰው እውነተኛ ጣሪያ ከሁለቱም በአሥርና ከዚያ በላይ ሊርቅ ይችላል። እናንተ ግን 161 ሲል ትጮኻላችሁ! ለደም ግፊት ወይም ለልብ ቤታ ብሎከር የሚባል ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ምቱ እንደሌላው ከፍ አይልም፤ ሰነፍ መስሏችሁ ብትገፉት ልትጎዱት ትችላላችሁ። ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቁት። እሱን በቦርግ የድካም መለኪያ ሥሩ፤ መሣሪያ አይደለም፣ ድካሙን ከ6 እስከ 20 ራሱ ይንገራችሁ። እያወራ መሥራት ይችል እንደሆነም ስሙት። በደረቱ ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት ማስተካከያ፣ ያለውን ሐኪሙ ሳይፈቅድ ምንም መለኪያ አትሰሩለት።

ከዚያ ማለዳ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የመምህርቷ ልጅ ጂም መጣ። ስሜን ጠየቀ፣ ትንሽ ፌስታል ሰጠኝ፣ «እናቴ ናት የላከችው» አለ። እንዴት ናቸው ስለው «ደህና ናት» ብሎ ሄደ። ውስጡ ያን ቀን ታጥቀውት የሄዱት ሁለተኛው ቀበቶ ነበር። ታጥቦ ደርቋል። መለኪያው ከጨርቁ ተነቅሎ ለብቻው በሶፍት ተጠቅልሏል። ተያይዞ ካደረ ባትሪ ይጨርሳል እያልኩ ሁሌ የምነዘንዛቸው እኔ ነበርኩ።