ተኩስ ባለበት ቦታ ግድብ የሚጠግኑ ሰዎች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ እትም ካመጣችኋቸው ጥያቄዎች መካከል ጦርነት ባለበት አካባቢ የተጎዳ ግድብ የሚጠግኑ መሐንዲሶችንና ቴክኒሻኖችን ደኅንነት የሚመለከቱትን መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢራቅ ውስጥ ባለው የሞሱል ግድብ ሥር ሲሚንቶ ሲሞላ ዓመታት አልፈዋል ይባላል። ጦርነት ሲመጣ ሥራውን አቁሞ ሰዎቹን ማስወጣት አይሻልም?

መልስ፦ ለጥቂት ቀናት ይሻላል፤ ለወራት ግን አይቻልም። 113 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ የተቀመጠው ጀሶ ባለበት ዓለት ላይ ነው። ጀሶ ውሃ ሲያልፍበት ይሟሟል። አንዱን ቀዳዳ በሲሚንቶ ሲደፍኑት ውሃው በጎን ሌላ መንገድ ይበላል። ሐይቁ ከተሞላበት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ድፈናው ማለቂያ ያጣው ለዚህ ነው። ኦገስት 7 ቀን 2014 ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» የሚለው ታጣቂ ቡድን አይኤስ ግድቡን ያዘ፤ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ የኩርድና የኢራቅ ኃይሎች በአሜሪካ አየር ኃይል እየታገዙ አስለቀቁት። ሥራው ግን ወዲያው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ሠራተኛው ተበትኗል፣ የሞሱል ከተማም ገና በአይኤስ እጅ ነበረች። በ2016 የጣሊያኑ ትሬቪ ኩባንያ ጥገናውን ሲረከብ ጣሊያን ለቦታው ጥበቃ ወታደሮቿን ላከች።

ጥበቃ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወታደር ነው። እኛ አስቀድመን የምንጠይቀው ግን የሐይቁን ከፍታ ነው። ሞሱል ላይ ሐይቁ እስከ 330 ሜትር ከባሕር ጠለል በላይ እንዲሞላ የተነደፈ ቢሆንም 319 ሜትር ላይ እንዲገደብ ተደርጎ ነበር። 11 ሜትር ውሃ 1.1 ባር ያህል ግፊት ነው፤ ከግድቡ ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ ሲሚንቶ የሚሞላበትን ቀዳዳ ለሚሰረስረው ሰው ያን ያህል ቀለለለት ማለት ነው። ዝቅ ያለ ሐይቅ ጊዜም ይሰጣል። ጊዜ ያለው መሐንዲስ ተኩስ ሲበረታ «ከወጣሁ ግድቡ ይሄዳል» ብሎ ራሱን አያስጨንቅም፤ ይወጣል። ስለዚህ ከድፈናው እኩል የታችኛው የውሃ መውጫ በሮች መጠገን አለባቸው። ያልተከፈተ በር ባለበት ሐይቅ አይወርድም።

ጥያቄ፦ ተኩስ ጋብ ብሎ ጠጋኞች ከገቡ በኋላ የሚሞቱት ምን ስለጎደለ ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የጎደለው የመውጫው ስምምነት ነው፤ ጠጋኞቹ ሲወጡ እንዳይተኮስባቸው ከተዋጊዎቹ ጋር የሚደረገው ማለት ነው። ማርች 26 ቀን 2017 ሶሪያ ውስጥ ኤፍራጥስ ላይ ያለው የታብቃ ግድብ በአየር ቦምብ ተመታ። መቆጣጠሪያው ተቃጥሎ መሣሪያዎቹ ቆሙ፣ ውሃው ከፍ ማለት ጀመረ። ባለሙያዎች ገብተው በሮቹን የሚያነሳውን ክሬን ለማስነሳት ሠሩ። ከግድቡ ሲወጡ ግን መኪናቸው በአየር ጥቃት ተመትቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። መንገድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሌላም ማሳያ አለ፦ ኤፕሪል 17 ቀን 2018 ምሥራቅ ዩክሬን ውስጥ የዶኔትስክ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኞችን የጫነ አውቶቡስ ተተኩሶበት አምስት ሰዎች ቆስለዋል።

ስለዚህ ስምምነቱ የሚያበቃው ሥራው ሲያልቅ ሳይሆን የመጨረሻው መኪና «ደርሻለሁ» ሲል እንዲሆን በጽሑፍ ይቀመጥ። የግድቡ የጂፒኤስ ነጥብ ብቻውን አይበቃም፤ የመሄጃው፣ የመመለሻውና የመኪና ማቆሚያው ነጥብም ለተዋጊዎቹ በደብዳቤ ይላክ። የመኪናው ዓይነት፣ ቀለም፣ ታርጋና የተሳፋሪው ቁጥር፣ ከአየር እንዲታይ ጣሪያው ላይ የተደረገው ምልክትም ይገለጽ። ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ፤ ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ የአንድ ሰዓት ልዩነት ሰው ይገድላል። «ደብዳቤው ደርሶናል» ማለት «አንተኩስም» ማለት አይደለም። መልሱ አውሮፕላንና ድሮን ከሚያዘውም፣ መድፍ ከሚያዘውም ለየብቻ ይምጣ።

መኪና ውስጥ የታጠቀ ሰው አይግባ። ሁለት መኪና ይሁን፤ በሮቹን መክፈት የሚያውቁት ሰዎች በሁለቱ ተከፋፍለው ይሳፈሩ። አንድ መኪና ሲመታ እውቀቱ አብሮ መጥፋት የለበትም። በየ30 ደቂቃው ሬዲዮ ይደረግ፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካልተመለሰ ሥራው ይቁም። ፈንጂ አምካኞች ካላጸዱት የመንገድ ዳር ማንም አይርገጥ፤ መኪና ለማዞርም ቢሆን።

ጥያቄ፦ የሲሚንቶ ድፈና የሚሠራበት ዋሻ ከተኩስ የተሸሸገ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው ምን ያሰጋዋል?

መልስ፦ አየሩ፣ ውሃውና ግፊቱ። ጦርነት ሦስቱንም ያባብሳል፤ ምክንያቱም መብራት ይቆረጣል። ማራገቢያው ሲቆም አየሩ ይበላሻል፤ የውሃ መምጠጫ ፓምፑ ሲቆም ዋሻው መሙላት ይጀምራል። በጥድፊያ የተነሳ ጄኔሬተር ዋሻው አፍ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ጭሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጄኔሬተሩ ከአፉ ርቆ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይቁም። ማራገቢያ ሲቆም «አሁን ይመጣል» ብሎ መጠበቅ የለም፣ ሰው ይውጣ።

ከመግባት በፊት አራት ጋዞችን በሚለካ መሣሪያ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይለካ። ኦክስጅን ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ ይሁን። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ከሚሊዮን የአየር እጅ 10 ሲደርስ መውጣት ነው። ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከሚሊዮን 100 አካባቢ ጋዙ አፍንጫን ያደነዝዛል። አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ የገባውንና የወጣውን ይመዝግብ። የወደቀ ባልደረባን ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ሮጦ ለማንሳት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ይሆናል።

80 ሜትር ውሃ ከበላይ ካለ፣ የተሰረሰረው ቀዳዳ እስከ 8 ባር ግፊት ሊተፋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የአፉ ቧንቧ በሲሚንቶ ይታሰር፣ ቫልቭ ይገጠምለት፣ በግፊት ይፈተሽ፣ ከዚያ በውስጡ ይሰርሰር። ከመሰርሰሪያው ዘንግ ኋላ ማንም አይቁም።

የግፊት ቱቦ መጋጠሚያ ሁሉ እንዳይገረፍ በሽቦ ገመድ ይታሰር። ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስህተት ይህ ነው፦ ሲሚንቶ ቱቦው ውስጥ ሲረጋ የግፊት መለኪያው 0 እያሳየ ከረጋው ወዲያ ግፊት ተይዞ ይቀራል። መጋጠሚያውን የሚፈታው ሰው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። መለኪያውን ማመን ሳይሆን መልቀቂያ ቫልቩን ከፍቶ መጠበቅ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ውሃው ዋሻው ውስጥ አስቀድሞ ይቀመጥ።

የውጡ ምልክት ሲሰማ ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ ፓምፑን ማጥፋት፣ የቀዳዳውን ቫልቭ መዝጋት፣ መልቀቂያውን መክፈት፣ መውጣት። ቱቦውን ለማጠብ የቀረ ሰው አይኑር። ቱቦው ይድረቅ፤ ሌላ ይገዛል።

ጥያቄ፦ ግድብ ላይ የሚሰቀሉት ሦስት ብርቱካናማ ክቦች ከጥቃት ያድናሉ?

መልስ፦ ያሳውቃሉ እንጂ አያስጥሉም። በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 56 ግድቦችን ይጠብቃል። ምልክቱም በአንድ መስመር የተደረደሩ እኩል መጠን ያላቸው ሦስት ደማቅ ብርቱካናማ ክቦች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው የአንድ ክብ ግማሽ ስፋት ክፍተት አለ። ጥበቃው ፍጹም አይደለም፤ ግድቡ ለውጊያ ቀጥተኛና ጉልህ ድጋፍ በዘላቂነት ከሰጠ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ግድቡ አናት ላይ መድፍ ወይም ተኳሽ ሲቀመጥ መሐንዲሱ ዝም አይበል። ይህን መከልከል የሥራው አካል ነው።

ጥያቄ፦ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ለብሶ በር ላይ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ውሃ ጠርዝ ላይ አይሆንም። የሰደርያው ሳህኖች ብዙ ኪሎ ስለሚመዝኑ ውሃ ላይ የወደቀውን ሰው ይዘውት ይወርዳሉ። በሩ አጠገብ የሕይወት ጃኬትና ደኅንነት ገመድ ይለበስ፤ ሰደርያው መንገድ ላይና ከጠርዙ ራቅ ባለ ቦታ ይዋል። ተኩሱ ሰደርያውን ለማውለቅ የማያስደፍር ከሆነ፣ ያ ቀን በሩ ላይ የሚሠራበት ቀን አይደለም።